የቲኬት ቆራጯ ፊኛ

ወሰን ሰፈር፣ ታክሲ መያዣው ጋ ቆሜ ነበር። ሰልፍ ላይ አልነበርኩም፤ ከሰልፉ ፈንጠር ብዬ፣ ሽንት ቤት እንዳለው ከማውቀው ምግብ ቤት ሳልርቅ ነው የቆምኩት። ጋራዦቹ የማያልቅ ቆርቆሯቸውን ይቀጠቅጣሉ፤ ረዳቶቹ «መገናኛ፣ መገናኛ!» እያሉ ይጮኻሉ። አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከሚኒባስ ወረዱና የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ሳበው!» አሉ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ ሳለ እሳቸውን ማን ጠየቃቸው? ሹፌሩ ግን እንደ ታዘዘ ሰው ሳበው። ያን ድምፅ እንኳን ወሰን፣ ሰማይ ቤትም ብሰማው አውቀዋለሁ። «ጋሽ ደበሌ!» አልኩ። ዞሮ ዓይኑን አጥብቦ አየኝና፣ «ዘውዴ! አንቺ አሁንም መንገድ ላይ ነሽ?» አለኝ። ጋሼ እያልኩ አንተ የምለው እሱን ብቻ ነው። ስንት ዓመት አንድ አውቶቡስ ላይ አብረን ሠርተናል፤ እሱ ሹፌር፣ እኔ ቲኬት ቆራጭ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ደበሌን ሳይ ያ ቀይና ቢጫ አውቶቡስ ከነጩኸቱ መጣብኝ። መስመራችን ከየካ ሚካኤል መርካቶ ነበር። ቲኬቱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው፤ ሰው ከኋላ ይገባል፣ ከፊት ይወርዳል፤ እኔ የኋላው በር አጠገብ በብረት በታጠረች ጠባብ ወንበር ላይ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ሰማያዊ ካፖርት ይሰጠናል። ከካፖርቱ ሥር የምለብሰው ግን በራሴ ገንዘብ የተሰፋ ቴትሮን ጉርድ ነው፤ ጫማዬ ተረከዘ ወፍራም፣ ጸጉሬ አፍሮ፣ ኮፍያው አናቴ ላይ አልቀመጥ እያለ ተቆጣጣሪው ሁልጊዜ ይቆጣኛል። ዘመኑ ምን ዘመን እንደ ነበር አትጠይቁኝ። መፈክር የሚጮኽበት ነበር፤ በኋላ መፈክሩ ተለወጠ፤ እኛ ለሁሉም ቲኬት ቆርጠናል። እኔ የማስታውሰው አራት ኪሎ የነበረችውን ሙዚቃ ቤት ነው። በሯ ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አለ፤ አዲስ ካሴት የወጣ ሰሞን ደበሌ ዘፈኑ እንዳያልቅበት ፌርማታው ላይ አውቶቡሱን ያዘገየዋል፤ ተሳፋሪውም በመቆጣት ፋንታ አብሮ ያንጎራጉራል። ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም ገዝቼ በመስኮት አቀብለዋለሁ። ደበሌ የየካ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዛሬ ፎቅ የበቀለበት ሜዳ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ማርሽ ሲያስቸግረው በኦሮምኛ ይሰድበውና በአማርኛ ይቅርታ ይጠይቀዋል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ «ስድቡ ከእናቴ ቤት ነው፤ ይቅርታው ከመሥሪያ ቤት» ይለኝ ነበር።

በዚያ ሁሉ ደስታ መሃል ሽንት ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ወንዶቹ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ ብለው ሱሪያቸውን እያስተካከሉ ይመለሳሉ። እኛ ሴቶቹስ? ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንዲት አንጋፋ ቲኬት ቆራጭ ጥግ ወስዳ ሕጉን ነገረችኝ፦ «ጠዋት ውኃ የሚባል አትቅመሺ። ሽንት ቤት ያገኘሽ እንደሆነ ደግሞ፣ መጣም አልመጣም ግቢ።» በየካ ሚካኤል በኩል እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ ጌሾ ነጋዴ ነበሩ፤ ጓሯቸው ያለውን ሽንት ቤት ከፍተውልን፣ «ግቡ ልጆቼ፣ አራግፉ» ይሉናል። መርካቶ በኩል ደግሞ አንድ የሙስሊም ቤተሰብ ግቢ ነበር፤ የመታጠቢያ ጀበናውን ውኃ ሞልተው ይሰጡን ነበር። እነዚህን ሁለት ግቢዎች ይዘን ስንት ዓመት ኖርን። የአውቶቡሶቹ ጋራዥ ውስጥ ተረት ሆነን ነበር፤ ትዕግሥት ላለው ሰው «የቲኬት ቆራጭ ፊኛ አለው» ይባል ነበር። እኔም እኮራበት ነበር፤ ምን አውቄ!

ልጆች መጡ፤ ጡረታ መጣ፤ የወር አበባም መምጣት ተወ። መጀመሪያ ሳስነጥስ ጠብ አለ። ቀጥሎ ስስቅ። ከዚያ የቤቴን ቁልፍ በሩ ላይ ስሰካ ልክ እንደ ተጠራ ሰው ያመልጠኝ ጀመር። እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ያንኑ የድሮውን ሕግ አጠበቅኩ። ውኃ ይብስ ቀነስኩ፤ ሽንት ቤት ይብስ አዘወተርኩ። ከየካ እስከ መገናኛ የትኛው ካፌ በሩን እንደማይቆልፍ፣ የትኛው «ተበላሽቷል» እያለ እንደሚዋሽ በቃሌ አውቃለሁ። ጥቁር ቀሚስ፣ ከሥሩ ሁለት የውስጥ ልብስ፣ ከሥሩ የታጠፈ የድሮ ነጠላ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ሽቶ። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሳይነሳ እወጣለሁ። ማኅበር ተውኩ። ሠርግ ተውኩ። «ዘውዴ ኮራች» አሉኝ፤ ይበሉ አልኩ፤ ኩራት ይሻላል። የካ ሚካኤል ስሄድም ከቅጥሩ አልገባም። ሽንት እያመለጠኝ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እገባለሁ? ደጅ ዛፉ ሥር ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ። የሰፈሩ ሰው ስእለት ይዛ ነው ብሎ አመነ። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ጉልበቴን ስማ፣ «እማማ፣ ጸልዩልኝ» አለችኝ። የኔ ጸሎት እኮ እንዳላስነጥስ ነበር!

ደበሌን ያገኘሁበት ሳምንት የኑሮዬ ክፉ ሳምንት ነበር። ሕይወት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ አልወለድኳትም። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት እኔ ጋ ገብታ ከልጆቼ ጋር አደገች። አግብታ ስንት ዓመት ልጅ አጣች፤ ያልሄደችበት ሐኪም፣ ያልጠጣችው ጠበል የለም። በመጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ጥየቃ ስሄድ ልጅቷን ክንዴ ላይ አስተኛችልኝና፣ «እቴቴ፣ የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ዕልል ማለት ሲገባኝ ሰዓቱን ማስላት ጀመርኩ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። የክርስትና እናት ልጅቷን ታቅፋ ከጎህ ጀምሮ ትቆማለች፤ ክርስትና ቤት ትገባለች፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከቤተ መቅደሱ አትወጣም፣ ልጅቷን ይዛ ታስቆርባለች። እኔ ደግሞ ከደጅ አላልፍም። «ሌላ ፈልጊ፣ ልጄ» አልኳት። ለምን አለችኝ። «አይመቸኝም» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ሕይወት ልጅቷን ከእቅፌ ወሰደችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እናቴ ብትኖር አይመቸኝም አትልም ነበር» አለች። ይህን ይዤ ወጣሁ። ሽንቴን ደብቄ ልጄን ላጣ እንደሆነ ገባኝ።

ደበሌ እጄን ይዞ ወሰን አንዲት ሻይ ቤት አስገባኝ። ለራሱ አንድ ጠርሙስ ውኃና ሻይ አዘዘ፤ እኔ ምንም አልፈልግም አልኩ። ውኃውን ግማሽ ድረስ አንደቀደቀውና የያዘውን ፌስታል አንስቶ፣ «ቆይ፣ ቀይሬ ልምጣ» አለኝ።

«ምን ልትቀይር?»

«ዳይፐሩን ነዋ!» አለ፤ ድምፁ ያው የሹፌር ድምፅ ነው፣ አስተናጋጇ ሳትቀር ዞረች።

«ኧረ ቀስ በል! ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰርቄ ነው? ፕሮስቴቱን ካወጡልኝ ወዲህ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ። አሁን በስፖርት ይሁን በጸሎት እየያዘ ነው፤ ግን ለመንገድ አደርገዋለሁ። አንቺ ምን ሆነሽ ነው እንደ ባለዕዳ በር በሩን የምታይው?»

ሲመለስ ነገርኩት። ለባሌ ነፍሱን ይማረውና ያልነገርኩትን፣ ለልጆቼ ያልነገርኩትን፣ ለዚያ ለደበሌ ሻይ ቤት ውስጥ ነገርኩት። አለቀስኩ። እሱ ደግሞ አልቀለደብኝም። ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል፤ ዘፈኑንም ትቶታል፤ አፉን ግን አልተወም። «እናንተ ኦርቶዶክሶች ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም› ብላችሁ ትተርታላችሁ፤ አትሠሩበትም» አለኝ። «ነገ ጤና ጣቢያ እወስድሻለሁ። ልጅቷ እስክትጠመቅ ስንት ጊዜ አለሽ? አለሽ! ጀምሪ።»

ነርሷ የልጄን ልጅ የምታክል ናት፤ ሹሩባዋን ወደ ኋላ አስራለች። ሽንቴን ወሰደች፣ ስኳሬን አየች፣ ሆዴን ነካካች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠየቀችኝ። «በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ እማማ?»

«ሽንት ቤት ባገኘሁ ቁጥር።»

«ሲመጣዎት ነው?»

«መጣም አልመጣም።»

«ውኃስ ይጠጣሉ?»

«እንዴት ብዬ!» አልኳት፤ እንዲያውም ጎበዝ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። የቲኬት ቆራጮቹን ሕግ ከነታሪኩ አጫወትኳት።

ጨርሳ ሰማችኝ። «እማማ፣ ያን ጊዜ ለሥራው አስፈልጎዎት ይሆናል» አለች። «አሁን ግን ፊኛዎን ያስለመዱት እርስዎ ነዎት። ትንሽ በያዘ ቁጥር ሲያራግፉት፣ በትንሹ መጮኽ ለመደ። ውኃ ሲከለክሉት ደግሞ ሽንቱ ይወፍርና ያቆጣዋል። መውለዱና ዕድሜው የታችኛውን ጡንቻ አላልቶታል፤ እሱ በስፖርት ይጠነክራል። ሁሉም ነገር ላይጠፋ ይችላል። ግን ይሻልዎታል።»

ደሜ ፈላ። በነርሷ አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ርስት የጠበቅኩት ሕግ ነው ለካ የሚያስሸናኝ! ተናድጄ ወጣሁ፤ ንዴቱ ጥሩ ነበር፣ ሥራ አሠራኝ። ውኃውን በቀኑ ውስጥ ከፋፍዬ መጠጣት ጀመርኩ፤ ሲመሽ እቀንሳለሁ። ቡናና ሻዩን አሳነስኩ፤ እሱ ነው የከበደኝ። ሽንት ሳይመጣ መሄድ ተከለከለ፤ ሲመጣም ትንሽ ማቆየት፣ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር። ጡንቻውን ደግሞ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ ሳብ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ ዘና ማለት። ሲያዩኝ ምንም የምሠራ አልመስልም። ሽሮ እያማሰልኩ እሠራለሁ፤ ዜና እያየሁ እሠራለሁ፤ የዕድር ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበሩ ሲናገር እሠራለሁ። ሰውየው በጥሞና የምሰማው መስሎት ንግግሩን አስረዘመው።

ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ዳገት መውጣት ጀመርኩ። በኛ ጊዜ በዚያ መንገድ የሚወርደው እንጨት የተሸከመች ሴት ነበረች፤ ዛሬ ልጆቹ በስኒከር ሽቅብ ይሮጣሉ፣ ጆሯቸው ላይ ዘፈን ሰክተው። የባሕር ዛፉ ሽታ ግን ያው ነው፤ ዝናብ ሲነካው ያ የመጨረሻው ፌርማታ ይሸተኛል፣ የአውቶቡሱ ሞተር ጠፍቶ ሁሉም ነገር ጸጥ የሚልበት ሰዓት። ሽንቴ ድንገት ሲጣራ ነርሷ «አይሩጡ፤ ሲሮጡ ይብሳል፤ ቆመው ጡንቻውን ይያዙት፣ ስሜቱ ያልፋል» ብላኛለች። እናም ዳገቱ መሃል ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። አንድ ቀን ሁለት ሴት ልጆች ደንግጠው መጡ። «ማዘር፣ ኦኬ ነሽ? ውኃ እንስጥሽ?» አለች አንዷ። «ውኃ አለኝ፤ ጊዜ ስጡኝ» አልኳት። አልፎልኝ መራመድ ስጀምር «ማዘር ሪስፔክት!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ምን እንዳሸነፍኩ ቢያውቁ ኖሮ!

ሁልጊዜ አላሸነፍኩም። መገናኛ ከታክሲ ስወርድ እግሬ መሬት ሲነካ ድንገት ለቀቀኝ፤ እስከ ካልሲዬ ወረደ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸርጬ፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ታክሲ ገብቼ የሰው ወንበር እንዳላረጥብ። ቤቴ ገብቼ በሩን ቆልፌ ከዚህ በኋላ አልወጣም አልኩ። ለደበሌ ደውዬ በቃኝ አልኩት።

«ዘውዴ» አለኝ፣ «ፍሬን አንድ ቀን አልያዘም ተብሎ መኪና ይጣላል?»

«እኔ መኪና አይደለሁም።»

«ከመኪና ትሻያለሽ፤ አንቺ እኮ መለዋወጫ ሳይገዛልሽ ነው የምትጠገኚው። ልብስሽን እጠቢ፣ ውኃ ጠጪ፣ ነገ ዳገቱን ውጪ። ነርሷ ያለችሽን ሞዴስም ግዢና አድርጊ፤ በድሮ ነጠላ ዘመን አይሻገርም።»

ሰደብኩት፤ ስልኩንም ዘጋሁበት። በማግሥቱ ግን ዳገቱን ወጣሁ፤ ሞዴሱንም ገዛሁ። ባለሱቁ በጥቁር ፌስታል ሊጠቀልልልኝ ሲል፣ «ተወው፣ እንዲሁ ስጠኝ» አልኩት።

የቀረኝ ለንስሐ አባቴ መንገር ነበር። እግር ያመኛል ብዬ ጀመርኩ፣ ወገብ ያመኛል አልኩ፣ በመጨረሻ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እውነቱን ተናገርኩ። ቀና ስል አባ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። «ስንት ዓመት ከደጅ የምትቆሚው ለዚህ ነው? እኔ እኮ ስእለት መስሎኝ፣ ትሑት ናት ብዬ ለሌሎች ምሳሌ አድርጌ ስናገርሽ ነበር!» አሉ።

«ርኩሰት አይሆንም ወይ፣ አባ?»

«ሕመም ነው፣ ልጄ። የታመመ ሰው ወደ እግዚአብሔር ቤት ካልገባ ማን ይግባ? ንጹሕ ልብስ ልበሺ፣ የምታደርጊውን አድርጊ፣ ግቢ። ቁመቱ ከበደሽ እንደሆነ ተቀመጪ። ምነው ቀድመሽ በጠየቅሽኝ ኖሮ!» ምነው በጠየቅኩ ኖሮ። ሁለታችንም እርስ በርሳችን ሳንጠያየቅ ዕድሜ ፈጀን።

ከዚያ ወደ ሕይወት ቤት ሄድኩ። አኩርፋለች፤ ወንበር ሰጠችኝ እንጂ ፊት አልሰጠችኝም። የክርስትና እናት አገኘሽ ወይ አልኳት። የባሏን አክስት ጠይቃ እሺ ብለዋታል። ቢሆንም መጥቻለሁና አልተመለስኩም። «ያን ዕለት አይመቸኝም ያልኩሽ ሽንት ስለሚያመልጠኝ ነው» አልኳት። «ስንት ዓመት ሆነኝ። ልጅሽን ታቅፌ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳላዋርድሽ ፈራሁ። ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፤ አባንም ጠይቄያለሁ። አልዳንኩም፤ ግን እችላለሁ። አክስትየዋ ይሁኑ ካልሽም ይሁኑ፤ እኔ ብቻ እንዳልናቅኩሽ እወቂ።»

ሕይወት ልጅቷን እያጠባች ነበር። ፊቷን ቀና አደረገች። «እቴቴ፣ እኔም ከወለድኩ ወዲህ ስስቅ ያመልጠኛል» አለች። «ለባሌ እንኳ አልተናገርኩም። የኔ ብቻ መስሎኝ።»

«ነገ ነርሷ ጋ እወስድሻለሁ» አልኳት። «እኔ እንዳደረግኩት ፀጉርሽ እስኪሸብት አትጠብቂም።» ለአክስትየዋ ማታውኑ ደወለችላቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ «እኔ እንጀራ ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

የክርስትናው ዕለት ከቤት የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለበስኩ፤ ነጭ ከለበስኩ ስንት ጊዜዬ! ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። የቅጥሩን በር ሳልፍ እግሬ ልማዱን ሊያደርግ ወደ ዛፉ ዘመም አለ፤ አልተውኩትም። ክርስትና ቤት ገባን። ወደ ምዕራብ ዞሬ ስለ ልጅቷ ሰይጣንን ካድኩ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩ። ከጠበሉ ስትወጣ ጮኸች፤ በነጭ ጨርቅ ተቀብዬ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ማዕተቡ አንገቷ ላይ ሲታሰር ዝም አለች።

ቅዳሴው መሃል ላይ ብርዱ አፍንጫዬን ያዘው። ሊያስነጥሰኝ እንደሆነ አወቅኩ። እንዳላስነጥስ ከማለት ሌላ ጸሎት ያልነበረኝ ሴት ነኝና እንዴት አላውቅ! ጡንቻውን ሳብኩ፣ ልጅቷን አጥብቄ ያዝኩ፣ አስነጠስኩ። ትንሽ አመለጠኝ፤ ሙቀቱ ተሰማኝ። በሩ ቅርብ ነበር፤ ሆን ብዬ በበሩ በኩል ነው የቆምኩት። ሕይወት ከጎኔ ሆና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሰውነቴ ሁሉ ውጪ፣ ውጪ አለኝ። ሞዴሱ ይዟል፤ ቀሚሴ ደረቅ ነው፤ ልጅቷ ተኝታለች። ቆሜ ቀረሁ። ስሜቱ መጣ፣ ጨመቀኝ፣ አለፈ። ቄሱ ሲጠሩን ልጅቷን ይዤ ወደ ፊት ሄድኩ፤ ቆረበች።

ስንወጣ ፀሐዩ ግቢውን ሞልቶታል። ዘመዱ ሁሉ ዕልል እያለ ከበበን። የባሏ አክስት እጃቸውን ዘርግተው፣ «አምጪያት እንግዲህ፣ ደክሞሻል፤ አንቺ እረፊ» አሉኝ፤ ለደግ ብለው ነው። ክንዴ ዝሏል። ሞዴሱን መቀየርም አለብኝ፤ ለሱ እደርሳለሁ።

«አልሰጥም» አልኩ። «እቤቷ ድረስ እኔ ነኝ የማደርሳት።»